ደህና ትመስላለህ እኮ

እግሩ የተሰበረ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ክብር አለው። ጀሶውን ያየ የታክሲውን ጋቢና ይለቅለታል፣ የባንክ ዘበኛ ሰልፉን አሳልፎ ያስገባዋል፣ ሰፈር ሲደርስ ደግሞ «እግዜር ይማርህ» የማይለው የለም። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ግን ቁስሉ የደረቀ ዕለት ከሕሙማን መዝገብ ይሰረዛል። ጠጉሩ ይበቅላል፣ እብጠቱ ይሟሽሻል፣ ኮት ከደረበማ ጭራሽ ብድር ሊጠይቅ የመጣ ነጋዴ ይመስላል። ከአደጋው ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ ከላይ እስከ ታች አየት አድርጎኝ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «ደህና ትመስላለህ እኮ!» እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ አልፋለሁ። ይህች ምስጋና ስንት ብር እንዳስወጣችኝ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ፤ ካልረሳሁ።

የሆነውን የማውቀው በወሬ ነው። ጀሞ፣ ከኮንዶሚኒየማችን ፊት ለፊት፣ አንድ ባጃጅ ጉድጓድ ሲሸሽ እኔን አገኘኝ፤ እኔ ደግሞ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ በጭንቅላቴ አገኘሁት። ብድግ ብዬ አቧራዬን አራግፌ፣ ዓይኑ የፈጠጠውን ልጅ «አይዞህ፣ ምንም አልሆንኩም» አልኩት አሉ። ይህ ንግግሬ በምስክር ቃል ውስጥ ገብቶ በኋላ ሲከራከረኝ ኖሯል። ከዚያ ዳቦ ገዝቼ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ዳቦውን ለባለቤቴ አቀበልኳትና «ዳቦ ልገዛ ብቅ ልበል» አልኳት። ቀልድ መሰላት። ዳቦውን አንስታ አሳየችኝ። «ጥሩ ዳቦ ነው፤ እኔም ይሄንኑ ልገዛ ነው» ብዬ ጫማዬን መፈለግ ጀመርኩ። ጫማዬ እግሬ ላይ ነበር። ማስመለስ ስጀምር ነው ጎረቤት ተጠርቶ በሰው ትከሻ ደረጃውን የወረድኩት፤ ኮንዶሚኒየማችን ሊፍት የለውም።

ሲቲ ስካኑ በራስ ቅሌና በአንጎሌ መሀል የፈሰሰች ቀጭን ደም አሳየ። ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም ተባለ፤ ተኝቼ ክትትል ተደረገልኝና «እረፍ» ተብዬ ወጣሁ። ካርዴ ላይ «ጂሲኤስ 13/15» የሚል ተጽፏል። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ቁጥር ሳይ አላልፍም፤ ከ15 13 ማለት ወደ 87 ከመቶ ነው፣ በተማሪነቴ አምጥቼው የማላውቀው ውጤት። ሐኪም የሆነው የወንድሜ ልጅ ደስታዬን አበላሸው። መለኪያውን ግራሃም ቲስዴልና ብራያን ጄኔት የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1974 ግላስጎው ውስጥ ያወጡት ነው። ዓይን መግለጥ እስከ 4፣ መናገር እስከ 5፣ መንቀሳቀስ እስከ 6 ነጥብ ይይዛል፤ ዜሮ የሚባል የለም፤ ቢጠሩት የማይሰማ፣ ቢቆነጥጡት የማይንቀሳቀስ ሰውም 3 ያገኛል። «ስለዚህ ጋሼ፣ በላብህ ያመጣኸው 10 ብቻ ነው» አለኝ።

ከ13 እስከ 15 ያገኘ ጉዳቱ «ቀላል» ይባላል። ቁጥሩ የሚናገረው ያን ዕለት ምን ያህል ነቅቼ እንደነበር ነው፤ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደምኖር አይናገርም። የወንድሜ ልጅ ይህን ያውቃል። በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ወረቀቱን ተቀብሎ የሚያነበው ሰው ግን የወንድሜ ልጅ አይደለም።

ቤት ገብቼ የተሰበረውን መቁጠር ጀመርኩ። መጀመሪያ የጠፋው ሽታ ነው። ከአፍንጫ በላይ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ስስ አጥንት አለ፤ የማሽተት ነርቮች ወደ አንጎል የሚወጡት በዚያ እየሾለኩ ነው። ጭንቅላት በድንገት ሲናጥ እነዚያ ቀጫጭን ክሮች እዚያው ይበጠሳሉ። አሁን ቡና ተቆልቶ ሲዞር ጭሱን በእጄ ወደ አፍንጫዬ ሳብ አደርግና «አቤት መዓዛው» እላለሁ። ጎረቤት ይደሰታል። ይህ ቀላሉ ነው። አንድ ቀን ባለቤቴ ሽንኩርት ጥዳ «አንዴ እያየህ ቆይ» ብላኝ ውሃ ልትቀዳ ወረደች። አየሁት። ነጭ ነበር፣ ቀላ፣ ቡኒ ሆነ፣ ጠቆረ። ድስቱ ጢስ በጢስ ሆኖ የላይኛው ፎቅ ሰዎች እየጮሁ ሲወርዱ እኔ ቆሜ እያየሁ ነበር። እሷም «እያየህ ቆይ» አለች እንጂ «አውርደው» አላለችም። ባለቤቴ ስቃ አለቀሰች፤ ወይ አልቅሳ ሳቀች፣ ቅደም ተከተሉን አሁን መያዝ አቅቶኛል። ማውረድ እንዳለብኝ አውቅ ነበር። ማወቅና እጅን ማዘዝ ሁለት የተለያዩ ክፍሎች ኖረዋል፤ በመካከላቸው ያለው መስመር ነው የተቆረጠው።

ሌላውን በአጭሩ ልለፈው። ጫጫታ አልችልም። ከምሳ በኋላ ሰው ሆኜ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ ድካሙ በእንቅልፍ አይለቅም። ቁጣዬ ያለ ማስጠንቀቂያ ይነሳና ያለ ይቅርታ ይተኛል። ደብተር መደመር ትቼ ደብተር አንጠልጣይ ሆኛለሁ፤ ልጄ በክር አድርጋ አንገቴ ላይ ያሰረችልኝ አለ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልልቅ ፊደል «አባዬ፣ ምድጃውን አጥፋ። ከመቆጣትህ በፊት ውሃ ጠጣ። ፎቅ ላይ ያሉትን ሰውዬ ታውቃቸዋለህ፣ ሰላም በላቸው» ይላል።

ከደብረ ብርሃን የመጡት አክስቴ ነገሩን በአንድ እይታ ለዩት። «ይሄ የሐኪም አይደለም» አሉ። የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ከሆንኩ ብዙም አለመቆየቴን ቆጥረው የሰው ዓይን ነው ብለው ደመደሙ። ጸበል ያደግሁበት ነው፣ አልተከራከርኩም፤ ገና ሳይነጋ ከከተማ ወጣ ወዳለ ቦታ ይዘውኝ ሄዱ። ክረምት ነው። ተራዬ ደርሶ ውሃው ልክ ጠባሳዬ ላይ ሲያርፍ ጮህኩ። እንዴት ያለ ጩኸት! አክስቴ እልል አሉ። አጥማቂው ጠጋ ብለው «ማነህ? ተናገር!» አሉኝ። ስሜን ከነአያቴ ነገርኳቸው። «ከየት መጣህ?» «ከጀሞ።» «በምን ያዝከው?» «በባጃጅ» አልኩ። ሰልፉ ላይ ከነበሩት አንዷ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ አጥማቂውም መስቀላቸውን ወደ ከንፈራቸው አስጠጉ፣ ፈገግታ ለመሸፈን ይመስለኛል። አክስቴ ግን እስከ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አኩርፈውኝ ሄዱ።

የወንድሜ ልጅ ሊያጽናናኝ ሲፈልግ ደግሞ ፊኒያስ ጌጅን ያነሳል። አሜሪካዊ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች አለቃ ነበር። መስከረም 1848 እ.ኤ.አ. ቬርሞንት ውስጥ ድንጋይ ለማፍረስ ባሩድ ሲጠቀጥቅ ባሩዱ ፈነዳና ከአንድ ሜትር የሚበልጥ፣ ስድስት ኪሎ የሚመዝን ብረት በጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። ሰውየው አልሞተም። የራስ ቅሉና ብረቱ ቦስተን ውስጥ በሃርቫርድ ሙዚየም ተቀምጠዋል። መጻሕፍቱ የሚያወሩት ጨዋው አለቃ ተሳዳቢ ሆኖ መቅረቱን ነው። የወንድሜ ልጅ ግን ቀጣዩን ምዕራፍ ይወዳል፦ ጌጅ ወደ ቺሊ ሄዶ በቫልፓራይሶና በሳንቲያጎ መካከል የሰው ማመላለሻ ሰረገላ እየነዳ ዓመታት ኖሯል። ታሪኩን የመረመረው ማልኮም ማክሚላን እንደሚለው ሰውየውን መልሶ በእግሩ ያቆመው ያው ሥራ ነው፤ በየዕለቱ ያው ሰዓት፣ ያው ፈረስ፣ ያው መንገድ። እኔም ሰማሁና ቀናሁ። ፈረስ ያለው ሰው ምን ጎደለው? እኔ ያለኝ የሜክሲኮ ታክሲ ነው።

እሱንም ብትሉ። ከአንድ መድን ድርጅት ደብዳቤ መጥቶ ሳር ቤት አካባቢ ወዳለው ቢሯቸው በጠዋት እንድደርስ ተጠራሁ። ከጀሞ ሚኒባስ ይዤ፣ ፋይሌን አቅፌ፣ በመስኮት መንገዱን እየቆጠርኩ ጀርመን አደባባይን አለፍኩ፣ መካኒሳን አለፍኩ። ሳር ቤት ስንደርስ አፌን ከፈትኩ። «ወራጅ አለ» ማለት ነው እንግዲህ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ያለ ሐሳብ የማወጣት ንግግር። ከአፌ የወጣው ግን «ሒሳብ!» ሆነ። ከፊቴ የተቀመጠች ሴትዮ ደንግጣ ቦርሳዋን ከፈተች። ከኋላ አንዱ «ከፍለናል እኮ!» ብሎ ጮኸ። ረዳቱ ዞር ብሎ «ምነው ፋዘር፣ እንጀራዬን ልትቀማኝ ነው?» ሲል ታክሲው በሳቅ ፈረሰ። ላርመው ብዬ ጮክ ስል አሁንም «ሒሳብ!» አልኩ። ሜክሲኮ ነው የወረድኩት፤ ያውም ሁሉም ስለሚወርድ። ከዚያ ለመመለስ ወረፋ፣ ጡሩምባ፣ የተራ አስከባሪ ጩኸት። ጭንቅላቴ ገና ከረፋዱ ሥራ አቆመ። ሳር ቤት ስደርስ ለምሳ ወጥተዋል።

ከሰዓት የተቀበለችኝ ሠራተኛ ክፉ አልነበረችም። የፖሊስ ማስረጃ፣ የትራፊክ ፕላን፣ የሕክምና ማስረጃ፣ ደረሰኝ፤ ሁሉም ዋናውና ኮፒው፤ አንዱ ከአንዱ በፊት መጻፍ አለበት፤ አንዱ ደግሞ ጊዜው ሳያልፍ መታደስ አለበት። «ባለፈው ነግረንዎት ነበር እኮ» አለች። ሳይሆን አይቀርም። እስኪ አስቡት፦ ዊልቸር ለመውሰድ አምስት ፎቅ በእግርህ ውጣ የሚል መሥሪያ ቤት ቢኖር አገር ይጮህበት ነበር። የማስታወስ ጉዳት ያለበትን ሰው «ባለፈው የነገርንህን ይዘህ ና» ማለት ግን ነውር የለውም። ቅደም ተከተል የጠፋበትን ሰው አራት ቢሮ በቅደም ተከተል ማዞር፣ ጫጫታ የሚያመውን ሰው ካርድ ክፍል ፊት ለፊት ማሰለፍ፣ ንግግር የሚጠፋበትን ሰው «ቶሎ በል፣ ሰው ይጠብቃል» ማለት። ድጋፉ የሚጠይቀው ጤነኛ ጭንቅላት ነው። ጤነኛ ጭንቅላት ቢኖረኝ ድጋፉን ምን ላደርገው!

ሕጉ የለም እንዳትሉ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ማንኛውም የጤና ተቋም ተጎጂን ተቀብሎ እስከ 2,000 ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና እንዲሰጥ ያዝዝ ነበር፤ ለአካል ጉዳት ካሳም 40,000 ብር ጣሪያ አስቀምጦ ነበር። የእኔ ሁለት ሺህ ሲቲ ስካኑ በር ላይ አለቀ። ቀሪውን ለመጠየቅ የጉዳቴ መጠን በሐኪሞች ቦርድ መወሰን ነበረበት። ቦርዱ ፊት ቀረብኩ። አንጋፋው ሐኪም መነጽራቸውን አውልቀው በፈገግታ «እንዴት ነህ?» አሉኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ!» አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል? እናቴ ያሳደገችኝ ነኝ። ሐኪሙ ጎንበስ ብለው ጻፉ። በኋላ ወረቀቱ ሲደርሰኝ ቁጥሩ ትንሽ ነበረች፤ ከላይ የነገርኳችሁ ምስጋና ዋጋዋ ይህ ነው።

አሠሪዬን አልወቅስም፤ ሕጉን ነጥብ በነጥብ ፈጽሟል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት የሕመም ፈቃድ ስድስት ወር ነው፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ተከታዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ። አንጎል አዋጁን አላነበበም፤ የእኔ በሰባተኛው ወርም ዕዳና ሀብት ማመጣጠን አቅቶት ነበር። ጡረታስ? ከሥራ ውጭ በደረሰ ጉዳት መሥራት ያልቻለ ሰው ጡረታ የሚያገኘው ቢያንስ 10 ዓመት ካገለገለ ነው። ለእኔ የጎደሉት ወራት ናቸው። ዳረጎት ተሰጠኝ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን መልሶ ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት ይመድባል ይላል። ሳነበው ዓይኔ የምትቀረው «አቅም» የሚለው ላይ ነው።

ወደ ወረዳ ሄጄ የአካል ጉዳተኛ ማስረጃ እንዳወጣ የመከረኝ ጎረቤት ነው። «ቢያንስ ወረፋ አትሰለፍም» አለኝ፤ ለዚያም ተሰለፍኩ። ከጠረጴዛው ማዶ ያለችው ልጅ ትሁት ናት። «ጋሼ፣ ጉዳትዎ ምን ላይ ነው?» «ጭንቅላቴ ላይ።» አየችኝ። አይቀርም አልኩ በልቤ። «ደህና ይመስላሉ እኮ!» ቅጹ ላይ ማየት የተሳነው፣ መስማት የተሳነው፣ የእንቅስቃሴ፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት የሚሉ ሳጥኖች አሉ፤ መጨረሻ ላይ «ሌላ» የሚል አለ፤ ከጎኑ መግለጫ የሚጻፍበት መስመር ከጣት አይረዝምም። የሲቲ ስካኑን ፊልም ከትልቁ ፖስታ አውጥቼ ሰጠኋት። ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ ያዘችው። ተገልብጧል። አንገቷን ዘንበል አደረገች እንጂ ፊልሙን አላቃናችውም። የሥራ ባልደረባዋ መጣ፣ እሱም አንገቱን ዘንበል አደረገ። «ኩላሊት ነው?» አላት በሹክሹክታ።

ከዚያ ሊፈትኑኝ ወሰኑ። ስሜን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ቀኑን ሲጠይቁኝ ደብተሬን ከፈትኩና አነበብኩላቸው። የት እንዳለሁ ሲጠይቁኝ ልጄ ጠዋት በቀይ እስክሪብቶ ጽፋው ነበር። «ይኸው!» አለ ባልደረባዋ በደስታ፣ በእርግጥም ለእኔ ደስ ብሎት፤ «ሁሉንም መለሱ እኮ!» ደብተሩን ቤት ብተወው ወረዳው የት እንደሆነ አላገኘውም፤ ይዤው ከመጣሁ ደግሞ ደህና ነኝ። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቅ ባለ ክራንች ሰውዬ ነው ያዘነልኝ። «ወንድሜ፣» አለኝ፣ «አንድ ሁለት ቀን ክራንቼን ላውስህ?» ከልቡ ይሁን ለቀልድ እስካሁን አልለየሁም።

የወንድሜ ልጅ ሲያበሳጨኝ «ድሮ ቢሆን ትሞት ነበር» ይላል። እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ ሐኪሞች ጋር ሆኖ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን አገር ውስጥ ማሠልጠን ከጀመረ ወዲህ ድሮ ሬሳ ይሆን የነበረ ሰው እየተነሳ ቤቱ ይገባል። ቤቱ ከገባ በኋላ ያለው ነው ጉዱ። እጅና እግሬን የሚያይ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አገኘሁ፤ እጅና እግሬ ደህና ናቸው። ንግግሬን፣ ቁጣዬን፣ የሽንኩርቱን ነገር የሚያይልኝ ስፈልግ አንዱ ወደ አንዱ ሪፈር እየጻፈ መጨረሻ ላይ ወደ ጀመርኩበት ጤና ጣቢያ ተመለስኩ። ባለቤቴንማ እንዴት ነሽ ያላት የለም፤ አስታዋሽነትም ሙሉ ቀን የሚሠራ ሥራ ነው፣ ያውም ያለ ሕመም ፈቃድ።

እድራችንስ? እድራችን ለሞተ ሰው ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያወጣል፣ ገንዘብ በእጅ ይሰጣል። ለተረፈ ሰው በመተዳደሪያ ደንቡ ምንም የለም። ገንዘብ ያዣችን ይህንን ሲነግረኝ እያዘነ ነው፦ «አየህ፣ አንተ ሞተህ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር።» ግን አልተዉኝም። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሰጡኝ። ሰኞና ሐሙስ ጠዋት ብረት ድስቱን፣ ሳህኑን፣ አግዳሚውን እቆጥራለሁ። ሳህኑ አንዴ ይተርፋል፣ አንዴ ይጎድላል። ጸሐፊው ከኋላዬ መጥቶ ይቆጥርና ሳይነግረኝ ያስተካክላል፤ እኔም አይቼ እንዳላየሁ እሆናለሁ። የቺሊው ጌጅ ፈረሶቹን ሲቆጥር ማን ይከተለው እንደነበር አልተጻፈም።

ባለፈው እሑድ ታዲያ ጡሩምባ ነፊያችን ተነስቶ ሐሳብ አቀረበ፤ በአደጋ ተጎድቶ ሥራ ያቆመ አባል ወርኃዊ መዋጮው ይነሳለት፣ ቢሮ ለቢሮ ሲሄድም ከአባላቱ አንድ ሰው በተራ ይከተለው። ጉባኤው አጉረመረመ። አንዱ «መከተሉስ ይሁን፣ መዋጮው ግን ጭንቅላቴን አመመኝ ለሚል ሁሉ በር ይከፍታል» አለ። አንዲት እናት «ቢከፍትስ? ሲሞት ነው የምታዝኑለት?» ብለው ጮሁ። ሌላው ተነሳ፦ «ከስብሰባ የቀረ ሁሉ ‹ረስቼ ነው› እያለ ከቅጣት ሊያመልጥ ነው ወይ?» ዳኛው ወደ እኔ ዞረው «አንተስ ምን ትላለህ? ለመሆኑ እንዴት ነህ?» አሉኝ። ባለቤቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ደህና አይደለሁም» አልኩ። አዳራሹ ተንጫጫ፤ ዳኛው ስሜን መዝገብ ላይ አሠፈሩና ምልዓተ ጉባኤው ስላልሞላ ድምፅ መስጠቱ ለሚቀጥለው ወር መተላለፉን፣ የቀሩት አባላትም እንደሚቀጡ አስታወቁ።